ማደሪያ ከተማና ማኅበሮቿ

ከለንደን በስተ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በኮረብታ ላይ በተመሠረተችው በሴንት ኦልባንስ ከተማ፣ በሥራ ቀን ማታ በባቡር ጣቢያው በር ቆሞ የሚመለከት ሰው፣ ከዋናው ከተማ ሃያ ደቂቃ ያህል የተጓዘው ባቡር በቆመ ቁጥር ብዙ መቶ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው፣ ቦርሳቸውን አንግተው፣ እርስ በርሳቸው ሳይተያዩና ሳይነጋገሩ እንደ ጎርፍ ሲወጡ፣ ከዚያም በየመንገዱ ተበታትነው በሩብ ሰዓት ውስጥ በየቤታቸው ደጃፍ ሲሰወሩ ያያል። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ያው ጎርፍ ወደ መጣበት ይመለሳል። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ሰው ተመላላሽ፣ እንዲህ ያለችውንም ከተማ የተመላላሽ ከተማ ይሏታል፤ እኔ ግን ከእነዚሁ ተመላላሾች አንዱ ሆኜ ብዙ ዓመት የኖርሁ በመሆኔ፣ ማደሪያ ከተማ ብላት የነገሩን ባሕርይ ይበልጥ የምገልጸው ይመስለኛል። ሰው እንጀራውን በሌላ ስፍራ እየፈለገ፣ አሳቡንና ወዳጅነቱን በሌላ ስፍራ እያኖረ፣ ለመኝታ ብቻ የሚመለስባት ከተማ ማደሪያ እንጂ አገር ልትባል አትችልምና።

ቤት መግዛት ወይም መከራየት ሰውን የአንድ ከተማ ነዋሪ ያደርገዋል የሚለው አስተያየት በሕግ ፊት እውነት ቢሆንም በኑሮ ፊት ግን እውነት አይደለም ብዬ አምናለሁ። መጻተኛውን ወደ ባለቤትነት የሚያሻግረው ማኅበር ነው፤ ከማኅበራትም ሁሉ ይልቅ የአጥቢያውን ታሪክ ፈልጎ፣ አጠራቅሞና መርምሮ የሚጠብቀው ማኅበር ነው። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር በየትንንሹ ከተማ የነበሩት የክበብ ቤቶችና የስብሰባ አዳራሾች አባል በማጣት እየተዘጉ ለቤት ሠሪ ነጋዴዎች መሸጣቸው፣ የጥቂት ሽማግሌዎች መዝናኛ እንደ ጠፋ ብቻ ተቆጥሮ በዝምታ ሊታለፍ የሚገባው ነገር አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ለእኔ የተገለጠልኝ በአንድ የበጋ ቅዳሜ ነው። በከተማይቱ መካከል፣ በገበያው ጎዳና ዳር፣ ከ1403 እስከ 1412 ባሉት ዓመታት ውስጥ የታነጸ የሰዓት ግንብ ቆሟል። በሥሩ ዘወትር ወደ ባቡር እየሮጥሁ ሳልፍ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ ሳላየው ኖሬ፣ በዚያች ቅዳሜ ድንገተኛ ዝናብ ስላገኘኝ በሩን ክፍት አይቼ ለመጠለል ገባሁ። ከበሩ ኋላ ባለችው ጠባብ ስፍራ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ የቆርቆሮ የገንዘብ ሣጥን ከፊታቸው አኑረው፣ ዕድሜያቸው ከሰባ የሚያልፍ አንዲት ወይዘሮ ሹራብ እየሠሩ ተቀምጠዋል። «ደረጃው 93 ነው፤ ጠባብ ነውና ቀስ ብለው ይውጡ» አሉኝ። ወጥቼ፣ ደወሉን አይቼ፣ ከሰገነቱም የከተማይቱን ጣራ ሁሉ ተመልክቼ ስወርድ፣ ሹራባቸውን አስቀምጠው፣ ደወሉ ከግንቡ ራሱ የሚበልጥ ዕድሜ እንዳለው፣ ስሙም ገብርኤል እንደሚባል፣ በጥንት ዘመን ማታ ማታ እሳቱ እንዲዳፈንና ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ እንዲገባ ይደወል እንደ ነበር፣ በ1455 የሁለቱ የንጉሣውያን ወገኖች ጦር በእነዚሁ ጎዳናዎች ላይ በተጋጠመ ጊዜም ሕዝቡን ያስጠነቀቀው እርሱ እንደ ሆነ እንደሚነገር ገለጡልኝ። ቀጥለውም የምኖርበትን መንገድ ጠየቁኝ። ስሙን በነገርኋቸው ጊዜ ፊታቸው በራ፤ መንገዴ ከመቶ ዓመት በፊት የገለባ ባርኔጣ የሚሰፉ ሴቶች መኖሪያ እንደ ነበረ፣ ከእኔ ቤት ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው ጋራዥም የባርኔጣ መሥሪያ እንደ ነበር አጫወቱኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ የኖርሁበትን መንገድ ያወቅሁት በዚያች ቀን ነው። የከተማይቱ ተወላጅ ይሆናሉ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ባለቤታቸው በለንደን ሥራ ስላገኙ ለአንድ ዓመት ብለው ከሌላ አውራጃ መጥተው በዚያው አርባ ዓመት እንደ ሞላቸው ነገሩኝ።

ወይዘሮዋ ያለ ደመወዝ በየተራቸው ግንቡን ከሚጠብቁት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ናቸው። ይህን ተራ የሚያወጡት ሁለት ማኅበራት ሲሆኑ፣ አንደኛው ስለ ከተማይቱ መልክና ክብር የሚከራከር የነዋሪዎች ማኅበር፣ ሁለተኛውም የሴንት ኦልባንስና የሃርትፈርድሺር የሥነ ሕንፃና የአርኬዎሎጂ ማኅበር ነው። ይህ ሁለተኛው በ1845 የተቋቋመ ነው። ዓመቱን ልብ ብለን እንየው፤ የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ ወደ ከተማይቱ የገባው በ1858፣ ዛሬ ተመላላሹን ሁሉ የሚያመላልሰው ትልቁ መሥመርም የተከፈተው በ1868 ነው። እንግዲህ ማኅበሩ ባቡርን በ13 ዓመት ይቀድመዋል፤ ከተማይቱ ማደሪያ ከመሆኗ አስቀድሞ ራሷን ማስታወስ ጀምራለች ማለት ነው።

ማኅበሩን ያቋቋሙት የታሪክ ሊቃውንት አልነበሩም። ካህናትና ሐኪሞች፣ ነገረ ፈጆችና የመሬት ባለቤቶች ነበሩ፤ የዕለት ሥራቸውን ሠርተው ማታ የሚሰበሰቡ፣ ፍቅር እንጂ ሹመት ያላገናኛቸው ሰዎች። ሆኖም በሁለተኛው ዓመት፣ በ1847፣ ከመካከላቸው ግሮቭ ሎው የተባለው ሰው ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ ባለው ሸለቆ፣ ከእርሻው አፈር በታች፣ የሮማውያንን ቴአትር ቤት መሠረት አገኘ። በዚያ ሸለቆ ቬሩላሚየም የምትባል የሮማውያን ከተማ እንደ ነበረች፣ ንግሥት ቡዲካም ከልደተ ክርስቶስ በኋላ በ60 ወይም በ61 ዓመት ገደማ በእሳት እንዳጠፋቻት፣ እንደ ገናም እንደ ታነጸች ከመጻሕፍት ይታወቅ ነበር፤ ነገር ግን በጣት የሚነካ ድንጋይ ይዞ ለከተማው ሰው «ይኸውልህ» ማለት ሌላ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ታላላቆቹ ሊቃውንት መጡ፤ ሞርቲመር ዊለርና ባለቤቱ ቴሳ ዊለር ከ1930 እስከ 1934 ቬሩላሚየምን ቆፈሩ፣ ካትሊን ኬንዮንም በእነዚያው ዓመታት ቴአትር ቤቱን ገልጣ አወጣችው፣ በ1939 ቤተ መዘክሩ ተከፈተ። ማዘጋጃ ቤቱ መሬቱን ገዝቶ ለሕዝብ መናፈሻ ባደረገው ጊዜ በመካከሉ ያለውን ሐይቅ የቆፈሩት ሥራ አጥተው የነበሩ ሰዎች ናቸው። የሊቃውንቱ ስም በመጻሕፍት ተጽፎ ይኖራል፤ የሐይቁን ቆፋሪዎች ስም የሚፈልግ ግን የአጥቢያው ማኅበር ብቻ ነው።

የአጥቢያ ታሪክ ጥቅሙ ምን እንደ ሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው ዘወትር የማነሣው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የወፍጮዎቹ ነገር ነው።

በመካከለኛው ዘመን ሴንት ኦልባንስ የገዳም ርስት ነበረች። አበ ምኔቱ የነፍስ አባት ብቻ ሳይሆን የመሬቱም፣ የገበያውም፣ የፍርዱም ጌታ ስለ ነበር፣ እህል የሚፈጭ ሰው ሁሉ በገዳሙ ወፍጮ ቤት አስፈጭቶ ግብሩን እንዲከፍል ይገደድ ነበር። ሕዝቡ ግን በየቤቱ የእጅ ወፍጮ ደብቆ ይፈጭ ጀመር። ከ1327 እስከ 1336 አበ ምኔት የነበረው የዎሊንግፎርዱ ሪቻርድ፣ በሥነ ፈለክ ዕውቀቱ በአውሮፓ ሁሉ የታወቀ፣ የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ የሚያሳይ ድንቅ ሰዓት የሠራ፣ በለምጽ ደዌም እየተሠቃየ የኖረ ሰው ነው፤ ይህ ሊቅ፣ ይህ ሕሙም፣ ወፍጮዎቹን ከየቤቱ አስለቅሞ ወሰደና በገዳሙ የእንግዳ መቀበያ ክፍል እንደ ንጣፍ ድንጋይ አስነጠፋቸው። የከተማው ሰው ለጉዳይ ወደ ገዳሙ በገባ ቁጥር የእናቱን ወፍጮ ረግጦ ይቆም ነበር ማለት ነው። ግማሽ ምዕት ዓመት እንደዚህ አለፈ። በ1381 በእንግሊዝ አገር የገበሬዎች ዐመፅ በተነሣ ጊዜ ዊልያም ግሪንድኮብ የሚባለው ሰው የመራቸው የከተማው ሰዎች ወደ ገዳሙ ገቡ፤ ንጣፉንም ነቅለው አወጡ፤ ድንጋዮቹንም ሰባብረው በእሑድ ቀን በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን እንደሚታደለው አውሎግያ ለእያንዳንዱ ሰው ቁራሽ ቁራሽ አካፈሉት። ዐመፁ ብዙም አልቆየ። ንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ራሱ ወደ ሴንት ኦልባንስ መጣ፤ የዐመፁ ሰባኪ የነበረው ካህን ጆን ቦል በጁላይ ወር በ15ኛው ቀን በዚያው ተፈርዶበት ተሰቀለ፤ ግሪንድኮብም በሞት ተቀጣ።

ይህን ሁሉ የጻፈልን ቶማስ ዋልሲንግሃም የተባለ የዚያው ገዳም መነኩሴ፣ ይኸውም የሕዝቡ ባላጋራ ነው፤ የድንጋዩን ዕደላ የመዘገበውም በቍጣ እንጂ በርኅራኄ አይደለም። ነገር ግን ጠላት በቍጣ የጻፈውን ቃል ገልብጦ አንብቦ፣ በውስጡ የተበደለውን ሰው ድምፅ መስማት፣ የማኅበር ታሪክ ጸሐፊዎች ከሁሉ የላቀ ጥበብ ነው። ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሳለሁ፣ ሰዎቹ ሁሉ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ባየሁ ጊዜ፣ ከእነዚህ መካከል ስንቱ ይሆን ያ ቁራሽ ድንጋይ በየትኛው መንገድ እንደ ታደለ የሚያውቅ እላለሁ። ያወቀ ሰው ከተማይቱን ዳግመኛ እንደ ማደሪያ ሊያያት አይችልም።

ከተማይቱ ስሟን ያገኘችው በብሪታንያ የመጀመሪያው ሰማዕት ከሚባለው ከቅዱስ ኦልባን ነው። ገድሉ እንደሚነግረን፣ ኦልባን ገና ሳይጠመቅ፣ አሳዳጆች የሚፈልጉትን አንድ ካህን በቤቱ ሸሸገ፤ ወታደሮችም በመጡ ጊዜ ካባውን ከካህኑ ካባ ጋር ለውጦ፣ እንግዳውን አሸሽቶ ራሱ በምትኩ ተያዘ፤ በኮረብታው ላይም ተሰየፈ። እንግዲህ ከተማይቱ የተጠራችው እንግዳ በመቀበሉ ምክንያት በሞተ ሰው ስም ነው። በያመቱ በሰኔ ወር በዓሉ ሲከበር፣ የሮማ ወታደሮችን፣ አንበሶችን፣ ሰማዕቱንም ራሱን የሚመስሉ ከሰው ቁመት እጅግ የሚረዝሙ አሻንጉሊቶች በከተማው ጎዳና ወደ ካቴድራሉ ይወጣሉ፤ የሚሸከሟቸውም የከተማው ልጆችና ጎልማሶች ናቸው። ገዳሙ በሄንሪ 8ኛ ዘመን በ1539 ሲዘጋና የሰማዕቱ መካነ ዐጽም ሲፈርስ፣ ታላቁም ቤተ ክርስቲያን ለድንጋዩ ሲባል ሊናድ በተቃረበ ጊዜ፣ የከተማው ሰዎች በ1553 በ400 ፓውንድ ገዝተው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው አደረጉት። መንበረ ጵጵስና የሆነው ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1877 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሕንፃውን በዚያች ትንሽ ከተማ አቅም መጠበቅ እንዴት ያለ ሸክም እንደ ነበር፣ በምሥራቅ በኩል ያለው የእመቤታችን ጸሎት ቤት ተከፍሎ ተማሪ ቤት መሆኑና በመካከሉም የሕዝብ መተላለፊያ መንገድ መውጣቱ ያስረዳል።

በ1872 ይህ ተከፍሎ የነበረው ክፍል ሲጠገን፣ ግንብ ውስጥ እንደ ተራ ጠጠር የተሰገሰገ የእብነ በረድ ስብርባሪ ተገኘ፤ ቢቈጠር ከ2,000 የሚበልጥ ሆነ። የሰማዕቱ መካነ ዐጽም መቆሚያ ነበር። ስብርባሪውን አንድ በአንድ እያገጣጠሙ መልሰው አቆሙት፤ ዛሬም የጠፋው ቁራጭ በሌላ ድንጋይ ተተክቶ፣ ስፌቱ ሁሉ እየታየ ቆሟል። በ2002 ከጀርመን አገር ከኮሎኝ ከተማ የቅዱሱ ዐጽም ክፋይ መጥቶ በዚያው ተቀመጠ። እኔ በፊቱ ስቆም ከሁሉ አስቀድሞ የማየው ስፌቱን ነው። የአጥቢያ ማኅበር ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ከሞተ ሰው ሣጥን የተገኘ ደብዳቤ፣ የፈረሰ ፋብሪካ የደመወዝ መዝገብ፣ ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ጠጠር ነው።

እንዴት እንደሚገጣጠም በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። በአንድ የክረምት ማታ፣ ከሥራ ስመለስ ወደ ቤቴ ሳልገባ፣ ወደ ማኅበሩ ንግግር ሄድሁ። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነበር፤ ተደራርበው የተቀመጡትን ወንበሮች አባላቱ ራሳቸው እያወረዱ ደረደሩ፤ በአንዱ ጥግ የሻይ ማፍያው ይንጫጫል። ተናጋሪው የአንድን ጎዳና ሥዕል በግድግዳው ላይ አሳይተው ስለ ሱቆቹ ሲያስረዱ፣ ከኋላ የተቀመጡ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «ይቅርታዎን፤ ሥዕሉ ተገልብጦ ነው የታተመው። የጸሎት ቤቱ በር በስተ ግራ ነበር፤ እኔ በዚያ በር ስገባ ነው ያደግሁት» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ተናጋሪው ሥዕሉን ገልብጠው ዳግመኛ ቢያሳዩ፣ በሱቁ ደጃፍ ላይ አልነበብ ብሎ የነበረው ጽሕፈት ተነበበ። ጸሐፊዋም በእርሳስ ማስታወሻ ያዙ። የእኚያን ሽማግሌ ዕውቀት የሚተካ መዝገብ የለም፤ አዳራሹ ባይኖር ኖሮም እጃቸውን የሚያነሡበት ስፍራ አያገኙም ነበር።

እንግዳ ሰው በእንዲህ ያለ ማኅበር ምን ድርሻ አለው ለሚል፣ የሳሙኤል ራይደርን ነገር እጠቅስለታለሁ። ራይደር ከሰሜን እንግሊዝ ወደ ሴንት ኦልባንስ የመጣው በ1890ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ነው። ሥራው ለድኻ አትክልተኞች የሚሆን የአበባና የጎመን ዘር በትንሽ ወረቀት ጠቅልሎ፣ አንዱን ጥቅል በአንድ ፔኒ፣ በፖስታ መሸጥ ነበር፤ ሠራተኛው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዕረፍት ስለሚያገኝ፣ ዘሩ በዚያው ሰዓት እንዲደርሰው ዓርብ ዓርብ ይልክ እንደ ነበር ይነገራል። ለንግዱ ብቻ የመጣ ሰው ሳለ በከተማው በአንድ ጸሎት ቤት አገለገለ፣ በ1905 ከንቲባ ሆነ፣ ከሃምሳ ዓመት ዕድሜው በኋላም ጤናው ስለ ታወከ የጎልፍ ጨዋታ ጀምሮ የቬሩላም ጎልፍ ክበብ አባል፣ በ1911ም አለቃ ሆነ። ከዚያች ትንሽ የከተማ ክበብ በወጣ አሳብ፣ በ1927 በብሪታንያና በአሜሪካ ተጫዋቾች መካከል በይፋ የተጀመረው ውድድር ዛሬም በስሙ የራይደር ዋንጫ ይባላል። በ1936 ሲሞት በሃትፊልድ መንገድ መካነ መቃብር ተቀበረ። መጻተኛ ነበር፤ ማኅበሩ የከተማው ሰው አደረገው።

በዚህች አገር የማኅበር ልማድ ሥሩ ጥልቅ ነው። በ1862 ሄንሪ ሶሊ የተባለው ሰባኪ፣ ሠራተኛው ከመጠጥ ቤት ርቆ የሚያነብበትና የሚወያይበት ስፍራ እንዲያገኝ ብሎ የሠራተኞች ክበቦችን ኅብረት አቋቋመ፤ ሠራተኞቹ ግን ቢራቸውም እንዲገባላቸው ጠይቀው በኋላ ተፈቀደላቸው። በ1915 የሴቶች ማኅበር ከካናዳ ተወስዶ በዌልስ ተጀመረ፤ በ1921 ከጦርነት የተመለሱት ወታደሮች የብሪታንያ ሌጊዮንን መሠረቱ። ለእነዚህ ሁሉ ስከራከር ነውራቸውን አልሸሽግም። በሠራተኞቹ ክበቦች ኅብረት ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል የአባልነት መብት ያገኙት በ2007 ነው፤ ይኸውም ከመቶ አርባ አምስት ዓመት በኋላ! ቆዳው የጠቆረ ሰው በሩን ሲያንኳኳ ፊት የነሡትም ክበቦች ነበሩ። ስለዚህ ማኅበሮቹ እንደ ነበሩ ይቆዩ አልልም፤ በራቸውን ይክፈቱ፣ ይለወጡም እላለሁ። ነገር ግን በሩን የሚያስከፍተው የሚያንኳኳ ሰው ሲኖር ነው፤ የተሸጠ አዳራሽ ደግሞ የሚንኳኳ በር የለውም።

በእኔ ሰፈር አጠገብ እንዲህ ያለ አዳራሽ ነበር። ልጆች ይጨፍሩበት፣ ሽማግሌዎች ካርታ ይጫወቱበት፣ በሰርግም በተዝካርም ሰው ይሰበሰብበት ነበር። ሊሸጥ መሆኑን የሚገልጥ ወረቀት በበሩ ላይ ተለጥፎ ለብዙ ሳምንት ቆይቷል፤ እኔም በጧት ጨለማ አልፌው ሄጄ በማታ ጨለማ አልፌው እየተመለስሁ አላነበብሁትም። ዛሬ በስፍራው ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ቤት ቆሟል። በኋላ እንደ ተረዳሁት፣ በ2011 የወጣው የአጥቢያ አስተዳደር ሕግ ለእንዲህ ያለው ነገር መድኃኒት አዘጋጅቶ ነበር፤ ቢያንስ 21 የአካባቢው መራጮች በአባልነት ያሉበት ቡድን አንድን ቤት ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ንብረት ነው ብሎ ለማዘጋጃ ቤቱ ሊያመለክት ይችላል፤ ማመልከቻው ተቀባይነት ካገኘም፣ ባለንብረቱ ሊሸጥ ባሰበ ጊዜ ነዋሪዎቹ ገንዘብ አጠራቅመው ለመግዛት እንዲሞክሩ ሽያጩን እስከ ስድስት ወር ድረስ ማስቆም ይቻላል። ባለንብረቱን ለእነርሱ እንዲሸጥ አያስገድደውም፤ ጊዜ ግን ይሰጣል። 21 ሰው! በአንድ የባቡር ፉርጎ ውስጥ ከዚህ ብዙ እጥፍ ጎረቤቶቼ አብረውኝ ተቀምጠው ነበር፤ ሆኖም ስማቸውን አላውቅም ነበር፤ ስማቸውን ባለማወቄም 21 መሆን አልቻልንም።

በለንደን ዙሪያ ባሉት ከተሞች የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፣ ማኅበር ምን እንደ ሆነ ለእናንተ የሚያስተምራችሁ የለም። ጽዋ ማኅበሩን፣ ዕድሩን፣ ዕቁቡን ይዛችሁ ባሕር ተሻግራችኋል፤ በየወሩ በኪራይ አዳራሽ ትሰበሰባላችሁ፤ በሐዘን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ መንገድ ሄዳችሁ ትደርሳላችሁ። ነገር ግን የምታድሩባት ከተማ ይህን አታውቅም፤ ይህን የሚናገር አንድ ወረቀት በመዝገብ ቤቷ የለም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚነሣ የታሪክ ተመራማሪ የባርኔጣ ሰፊዎቹን ሴቶች ስም ሲያገኝ፣ በሆስፒታሉ ሌሊት የሠራችውን፣ አውቶቡሱን የነዳውን፣ በኪራይ አዳራሽ ቅዳሴ ያስቀደሰውን ሰው ግን ሊያጣው ነው። የዚያ ጥፋት የእንግሊዞቹ ብቻ አይሆንም። የማኅበራችሁን ፎቶግራፍ፣ ከኋላው ስምና ዓመት ጽፋችሁበት፣ ወደ አጥቢያው ቤተ መዘክርና ወደ ታሪክ ማኅበሩ ውሰዱ፤ አባላቱ አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸውና ሳትዘገዩ ሂዱ፤ የሚነግሯችሁን ተቀበሉ፤ የምታውቁትንም ንገሯቸው፤ ወንበር ስትደረድሩም አግዟቸው።

የሴንት ኦልባንስ የሰዓት ግንብ ከፋሲካ ጀምሮ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ይከፈታል። እኚያ ወይዘሮ ባለፈው ዓመት ደረጃውን መውጣት ስላቃታቸው ተራቸውን ለቀዋል፤ በስፍራቸው ሁለት ቅዳሜ እኔ እቀመጣለሁ፤ የቀሩትን ቅዳሜዎች የሚወስድ ሰው ገና አልተገኘም።